የሚያበራው አይለያይም፣ የሚለያየው አያበራም፦ ስለ ፍሎረሰንት ሰርፋክታንት እስቲ አግዙኝ

የጦሳ_ልጅ (ደሴ) | ቅዳሜ ማታ 3:10

ሰላም ለዚህ ቤት። ጽሑፉ ይረዝማል፣ አቦሉን ይዛችሁ ተቀመጡ።

የኬሚስትሪ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ርዕስ ስፈልግ አንድ ነገር ላይ ወደቅኩና መነሣት አቃተኝ። ውሃ ውስጥ የተበተኑ፣ በዓይን የማይለዩ የዘይት ጠብታዎች አሉ እንበል። ይሄ ነው ኢመልሽን የሚባለው። ጠብታዎቹ ዙሪያቸውን ሰርፋክታንት ለብሰዋል። ሰርፋክታንት አንዱ ጫፉ ውሃ፣ ሌላው ጫፉ ዘይት የሚወድ ሞለኪውል ነው። ሳሙና እንደዚያ ነው። የእንዶድ አረፋም የሚመጣው ሳፖኒን ከሚባል የተፈጥሮ ሰርፋክታንት ነው። አሁን ይሄ ልብስ ራሱ የሚያበራ (ፍሎረሰንት) ቢሆንስ? አሲድ ሲነካው፣ ሙቀት ሲያገኘው ወይም ብርሃን ሲያርፍበት ጠብታው ቅርፁን ይቀይራል ወይም ይፈርሳል። እኛ ደግሞ ሳንነካው በብርሃኑ እንከታተለዋለን።

ትናንት ማታ እቤት ሞከርኩ። ከፒያሳ አንድ ሱቅ ሐሰተኛ ብር የሚፈትሹበትን ሐምራዊ መብራት ተዋስኩ። ሁለት ጠርሙስ አዘጋጀሁ። አንዱ ውስጥ ውሃ፣ ዘይትና የልብስ ዱቄት ሳሙና። ሌላው ውስጥ ውሃ፣ ዘይትና የተፋቀ ደረቅ ሳሙና። ክንዴ እስኪዝል ናጥኩ። ሁለቱም ወተት መሰሉ። ክፍሉን አጨልሜ ሐምራዊውን ሳበራ ዱቄቱ ያለበት ጠርሙስ ሰማያዊ ሆኖ ቦግ አለ። ደረቅ ሳሙናው ዝም።

ከዚያ ሁለቱም ላይ ሎሚ ጨመቅኩ። ደረቅ ሳሙናው ተበጣጠሰ። ነጭ ነጭ ነገር ተንሳፈፈ፣ ዘይቱም ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ። ዱቄቱ ግን አረፋ ፈላና ፀጥ አለ። ወተት እንደመሰለ አደረ፣ ሰማያዊውም እንዳለ ነው።

ያው ርዕሱ ላይ እንደጻፍኩት፣ የሚያበራው አይለያይም፣ የሚለያየው አያበራም። ሁለቱን ባንድ ላይ የያዘ ሳሙና እንዴት ነው የሚገኘው?

ፒያሳ_ሱቅ (ደሴ) | ቅዳሜ ማታ 3:25

መብራቴን "ለአንድ ሰዓት" ብሎ የወሰደው ልጅ አንተ ነህ ማለት ነው። ዛሬ ሁለት መቶ ብር በመጣ ቁጥር ፀሐይ ላይ እያንጋጠጥኩ አንገቴ ዞረ። በል ሳሙና አታስነካው።

ኮምቦልቻ_ፈትል (ኮምቦልቻ) | ቅዳሜ ማታ 4:02

ወንድሜ፣ ያ ሰማያዊ ብርሃን ከሰርፋክታንቱ አይደለም። ጨርቅ ማጠናቀቂያ ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ይህን ነገር በቁመናው አውቀዋለሁ። ዱቄት ሳሙና ውስጥ ልብሱን ነጭ የሚያስመስል ቀለም ይጨመራል። አብዛኛው ከስቲልቢን ቤተሰብ ነው። የማይታየውን አልትራቫዮሌት ይውጥና ሰማያዊ አድርጎ ይመልሰዋል። ሸሚዙ ያለበት ቢጫ በሰማያዊው ይሸፈናል፣ ሰውም ነጣ ይላል። ጭፈራ ቤት ሐምራዊ መብራት ሲበራ ሸሚዝ ብቻ የሚጓዝ የሚመስለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ ቀለም ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ ጥጥ ሲያገኝ ይጣበቃል። ዘይትና ውሃ የሚገናኙበት ድንበር ላይ የመቀመጥ ጠባይ የለውም። ስለዚህ ትናንት ጠብታህን አላየህም። ጠብታህ የሚዋኝበትን ውሃ ነው ያየኸው።

ካላመንክ ነጭ የጥጥ ክር ነክረህ አቆየው። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ደጋግመህ እጠበውና መብራቱን አሳየው። ክሩ ራሱ መጀመሪያ የማያበራ ይሁን። የገበያው ክር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የተቀባ ነው፣ ከፈታይ እጅ የወጣ ፈልግ።

ወልድያ_ኬሚስትሪ (ወልድያ) | ቅዳሜ ማታ 4:30

ሎሚውን እኔ ልውሰደው፣ በየዓመቱ ክፍል ውስጥ የማሳየው ነገር ነው።

ደረቅ ሳሙና የሰባ አሲድ ጨው ነው። ውሃ የሚወደው ጭንቅላቱ ካርቦክሲሌት ይባላል፣ አሉታዊ ኃይል አለው። ሎሚ ስትጨምር ሃይድሮጅን ይይዝና ኃይሉን ያጣል። ጭንቅላቱ ውሃን መውደድ ሲያቆም ሞለኪውሉ በሙሉ ቅባት ይሆናል። ያየኸው ነጭ ነገር እሱ ነው። ጠብታዎቹ ልብሳቸውን ተገፈፉ፣ እርስ በርስ ተቀላቀሉ፣ ወጡ።

የዱቄቱ ሰርፋክታንት ግን ጭንቅላቱ ባብዛኛው ሰልፎኔት ነው። ሎሚም ሆነ ኮምጣጤ ብትገለብጥበት ኃይሉን አይለቅም። የፈላው አረፋ ደግሞ ዱቄቱ ውስጥ ያለው ሶዳ ከሎሚው ጋር ሲገናኝ የወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እንዲያውም ሶዳው የሎሚህን አሲድ ከፊሉን በልቶታል።

የጦሳ_ልጅ | እሑድ ጠዋት 1:15

ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። እሺ፣ ታዲያ እንደ ደረቅ ሳሙናው ለአሲድ የሚሰማ ሰርፋክታንት ወስጄ የሚያበራ ቀለም በኬሚካል ማሰሪያ ባስርበትስ? በቃ አለቀ አይደል? ፕሮፖዛሌ ላይ ፍሎሬሲን ብዬ ጽፌያለሁ። ርካሽ ነው፣ ላቦራቶሪያችን ውስጥም አለ።

ከመርሳ_ወዲህ (ውጭ አገር) | እሑድ ቀን 6:40

መርሳ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፣ አሁን እንጀራዬ ይሄው ጠብታ ነው። ፍሎሬሲን ስትል ደነገጥኩ፣ ለዚያ ነው የምጽፈው። ግን ከጠብታው ልጀምር።

ይህን መስክ ብዙ ሰው ያወቀው እ.ኤ.አ. በ2015 ሎረን ዛርዛር፣ ቲሞቲ ስዋገርና ባልደረቦቻቸው ከአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ ኔቸር መጽሔት ላይ ባወጡት ሥራ ነው። ሁለት ፈሳሽ ወሰዱ፣ ሄክሴንና ፐርፍሎሮሄክሴን። ሁለቱ 23 ዲግሪ አካባቢ ድንበር አላቸው። ከዚያ በታች ይለያያሉ፣ ከዚያ በላይ አንድ ይሆናሉ። ሞቅ አድርገው ውሃ ውስጥ በተኗቸው። ሲቀዘቅዝ እያንዳንዱ ጠብታ ውስጡ ለሁለት ተከፈለ። ለወሎ ሰው ሲተረጎም፣ ደሴ ክፍልህ ውስጥ ለሁለት የተከፈለው ጠብታ ሐረጎን ወርደህ ቀትር ላይ ኮምቦልቻ ስትደርስ ሊዋሃድብህ ይችላል። ስለዚህ የክፍልህን ሙቀት ሳትመዘግብ ምንም እንዳትጽፍ።

የትኛው ፈሳሽ ከውስጥ፣ የትኛው ከውጭ ይሁን የሚለውን የሚወስነው ሰርፋክታንቱ ነው። አንድ ጋቢ ለሁለት የሚለብሱ ሰዎች አስብ። አንዱ ጠበቅ አድርጎ ከሳበ ሌላው ይገለጣል። ለሄክሴን የሚያደላ ሰርፋክታንት ብታበዛ ሄክሴኑ ውጭ ሆኖ ሌላውን ያቅፈዋል። ለፐርፍሎሮሄክሴኑ የሚያደላ ብታበዛ ተቃራኒው ነው። እኩል ሲሳሳቡ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ባለ ሁለት ፊት ጠብታ ይሆናል። በሮማውያኑ ባለ ሁለት ፊት አምላክ ስም ያኑስ ይሉታል። ከሰርፋክታንቶቹ አንዱ ለብርሃን ወይም ለፒኤች (ለአሲድነት መለኪያው) የሚሰማ ከሆነ ጋቢው በትእዛዝ ይሳባል።

የሚያበራ ሰርፋክታንት እዚህ ላይ ነው የሚገባው። ዘይቱ ውስጥ ናይል ሬድ ዓይነት ቀለም ብታሟሟ ዘይቱ የት እንዳለ ታያለህ እንጂ ልብሱን አታይም። ጋቢውን ማን እንደያዘው ለማወቅ ጋቢው ራሱ ማብራት አለበት።

አሁን ወደ ፍሎሬሲን። ፍሎሬሲን ራሱ ለአሲድ ይሰማል። ፒኤች 6.4 አካባቢ ላይ ግማሹ መልኩን ይቀይራል፣ ከዚያ ወደ ታች ሲወርድ ብርሃኑ ክፉኛ ይደክማል። አንተ አሲድ ትጨምራለህ፣ ብርሃኑ ይጠፋል፣ "ሰርፋክታንቱ ጠብታውን ጥሎ ሄደ" ብለህ ትጽፋለህ። እሱ ግን የትም አልሄደም። መብራቱ ነው የጠፋው፣ ሰውየው እዚያው ተቀምጧል።

ይህን የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው። አራት ወር ያህል በቆንጆ ግራፍ ስደሰት ከረምኩ። አንድ ቀን የላቦራቶሪ ጓደኛዬ "ቀለሙን ያለ ጠብታ ለክተሽው ታውቂያለሽ?" አለችኝ። አልለካሁትም ነበር።

ዝም_አይነቅዝም (ከሚሴ) | እሑድ ቀን 8:05

ይቅርታ፣ ግን ይሄ ፍሎሮ ምናምን የምትሉት ውሃ ውስጥ ገብቶ ዘላለም አይጠፋም የሚባለው አይደለም እንዴ? የሐይቅን ውሃ ልትበክሉብን ነው? ደግሞስ ለገበሬው ምን ይፈይድለታል?

ከመርሳ_ወዲህ | እሑድ ቀን 8:50

ጥያቄው ትክክል ነው፣ ስሙ ግን ሁለት ነገር አደባልቆብሃል። ጥፋቱም ያንተ አይደለም። ፍሎረሰንት ማለት አንዱን ብርሃን ውጦ ሌላ ብርሃን የሚተፋ ማለት ነው። ፍሎሪን ደግሞ ንጥረ ነገር ነው። ሁለቱም ስማቸውን ያገኙት ፍሎርስፓር ከሚባል ድንጋይ ነው። ጆርጅ ስቶክስ በ1852 "ፍሎረሰንስ" የሚለውን ስም ያወጣው አንዳንዱ የዚህ ድንጋይ ዓይነት ስለሚያበራ ነው። ክሎሮፊልም ያበራል፣ ፍሎሪን ግን የለውም።

አይጠፋም የሚባለው ፒኤፍኤኤስ፣ የፍሎሪን ጅራት ያለው ነው። እውነቱን ለመናገር የ2015ቱ ጠብታ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰርፋክታንት ነበረበት። እኔ ይሄ ነገር ይከነክነኛል። 3ኤም የተባለው ትልቅ አምራች እንኳ እስከ 2025 መጨረሻ ማምረቱን እንደሚያቆም በ2022 አስታውቋል። ለማስተርስ ሥራ ከሆነ የምግብ ዘይት ላይ መሥራት ይሻላል፤ ሄክሴንም ቢሆን እሳት የሚወድ ነገር ነው።

ጥቅሙን ጠይቀሃል። ፐርፍሎሮሄክሴን ከውሃ 1.7 እጥፍ ገደማ ይከብዳል። ስለዚህ ባለ ሁለት ፊቱ ጠብታ ሁሌም ከባዱን ጎን ወደ ታች አድርጎ ይቆማል፣ ብርሃንም ከላይ ወደ ታች ያልፋል። የስዋገር ቡድን ኋላ ላይ ስኳር የተሸከመ ሰርፋክታንት አለበሰው። ኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ስኳሩን ሲይዝ ጠብታዎቹ ተያይዘው ይጋደማሉ። ያኔ ብርሃኑ ይበታተንና ከሥራቸው ያለው ነገር ይደበዝዛል። ወተትና ውሃ ለመመርመር የታሰበ ነገር ነው። ለከሚሴ ገበሬ ነገ ይደርሳል አልልህም።

ዝም_አይነቅዝም | እሑድ ቀን 9:00

ወተት ካልሽ ዝም አልኩ። ቀጥሉ።

እትዬ_ሐይቅ (ሐይቅ) | እሑድ ቀን 10:20

ልጆቼ፣ ጡረታ የወጣሁ የቤት አያያዝ አስተማሪ ነኝ። ሰርፋክታንቱን በስሙ አላውቀውም ነበር፣ ሥራውን ግን ሳውቀው ኖሬያለሁ። እርጎ ቅል ውስጥ ገብቶ ሲናጥ እኮ የእናንተው ነገር ነው። ቅባቱ ተበታትኖ ተደብቋል። ብርድ ከሆነ ቅቤው እምቢ ይላል፣ ለብ ያለ ውሃ ጠብ እናደርጋለን። ከሞቀ ደግሞ ይልመሰመስና አይሰበሰብም። ቅሉን ከፍተን አናይም፣ ድምፁን ነው የምንሰማው። መጀመሪያ የፈሳሽ ድምፅ ነው። ቅቤው ሲወጣ አንድ ከበድ ያለ ነገር ከቅሉ ሆድ ጋር ሲላተም ይሰማል። ይህን እናቴ ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ ታውቀዋለች። እናንተ በብርሃን ልታዩ የምትደክሙት ይህንኑ መሰለኝ።

ከመርሳ_ወዲህ | እሑድ ማታ 1:30

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንቱ ያሉት ድምፅ እኛ "ምልክት ሰጪ" የምንለው ነው። ወተት ውስጥ ቅባቱ በውሃ ተከቧል። እያንዳንዷ የቅባት ጠብታ ቀጭን ሽፋን አላት። መናጡ ያንን ሽፋን ይሰብረዋል። ከዚያ ነገሩ ተገልብጦ ቅቤው ውሃውን ያቅፈዋል። ሙቀቱም እርስዎ እንዳሉት መሐል ላይ መሆን አለበት፣ ቅባቱ በከፊል የጠጠረ፣ በከፊል የለሰለሰ እንዲሆን።

አንድ ሴት ትዝ አሉኝ። አግነስ ፖክልስ የሚባሉ ጀርመናዊት ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ አልገቡም። ማድ ቤታቸው ውስጥ ሳሕን ላይ ውሃ ሞልተው ቅባትና ሳሙና የውሃውን ቆዳ እንዴት እንደሚያላላ ለኩ። ውጤቱን ለእንግሊዙ ሎርድ ሬሌይ በደብዳቤ ላኩለት። እሱም በ1891 ኔቸር ላይ እንዲወጣ አደረገ። የዚህ መስክ መለኪያ ሳሕን ዘሩ ከእሳቸው ነው።

አይብ ሲያወጡ የሚቀረውን አጓት ደግሞ በዚያ ሐምራዊ መብራት ይዩት። አረንጓዴ ቢጫ ሆኖ ያበራል። ቫይታሚን ቢ2 ነው። እሱም ውሃው ውስጥ እንጂ ድንበሩ ላይ አይቀመጥም።

የጦሳ_ልጅ | እሑድ ማታ 2:15

እሺ ፍሎሬሲን ይውጣ። ሮዳሚን ላድርገው? ወይስ ለብርሃን የሚሰማውን አዞቤንዚን ልያዝ? እሱ አሲድም አይፈልግም፣ መብራት ብቻ።

ከመርሳ_ወዲህ | እሑድ ማታ 3:00

አዞቤንዚን ቆንጆ ነው። 365 ናኖሜትር (የብርሃኑ ሞገድ ርዝመት ነው) አካባቢ አልትራቫዮሌት ሲያርፍበት ይታጠፋል፣ ሰማያዊ ብርሃን ሲያይ ይዘረጋል። ችግሩ ምን መሰለህ? የሚያበራ ቀለም ለማየትም መብራት ትፈልጋለህ። በአልትራቫዮሌት የምታየው ቀለም ከመረጥክ ለማየት ስትል ታጥፈዋለህ። የተኛውን ልጅ ተኝቶ እንደሆነ ለማወቅ እንደ መቀስቀስ ነው። ሮዳሚን በአረንጓዴ ብርሃን ይታያል፣ ተራው አዞቤንዚን ደግሞ አረንጓዴውን ብዙም አይውጥም። ስለዚህ ሁለቱ ይስማማሉ።

ግን ሮዳሚንም የራሱ ዓመል አለው። ረጅም የቅባት ጅራት የተቀጠለበት ሮዳሚን ሲጨናነቅ እርስ በርሱ ብርሃኑን ያጠፋል። ሲበተን ያበራል። ባዮሎጂ ውስጥ እንዲያውም ይህንን ጠባዩን ይጠቀሙበታል። ቫይረስ ከሴል ጋር ሲዋሃድ ቀለሙ ይሳሳና ብርሃኑ ይጨምራል። ወደ አንተ ስናመጣው፣ ብርሃን ጨመረ ማለት ጠብታው ላይ ሰርፋክታንት በዛ ማለት ላይሆን ይችላል። ሳስቶም ይሆናል። የተገላቢጦሹም አለ። በ2001 ቤን ዦንግ ታንግ ሆንግ ኮንግ ላይ ሲተፋፈጉ የሚያበሩ ሞለኪውሎችን አስተዋወቀ።

እኔን ብትጠይቀኝ ለፒኤች ሥራ ፓይሪን የሚባለውን የሚያበራ ሞለኪውል እወዳለሁ። ብቻውን ሲሆን ከ400 ናኖሜትር በታች ሐምራዊ ያበራል። ሁለቱ ሲጠጋጉ 480 አካባቢ ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ይሄዳል። ድምቀቱን ትተህ የሁለቱን ቀለም ሬሾ ታነባለህ። መብራትህ ቢደክም፣ ጠርሙስህ ቢቆሽሽ ሬሾው ብዙም አይሞኝም። አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ግን ያደክመዋል፣ ናሙናዎችህን ሁሉ እኩል አድርገህ ያዝ።

ደግሞ ሁሉንም ሰርፋክታንት አታብራው። ፓይሪን ለሞለኪውሉ ትልቅ ሸክም ነው፣ ጠባዩን ይለውጠዋል። ከመቶው አንድ እጅ ቢያበራ ይበቃሃል። ከቀለሙ ጋርና ያለ ቀለሙ የዘይትና የውሃውን የድንበር ውጥረት ለካ። ካልተቀራረበ የምታየው ሌላ ጠብታ ነው።

ወልድያ_ኬሚስትሪ | እሑድ ማታ 3:20

ላቦራቶሪህ ያለውን መሣሪያ ሳታውቅ ፓይሪን እንዳታዝ። እቃ አዝዞ አንድ ዓመት የጠበቀ ሰው አውቃለሁ፣ ሲመጣ እሱ ተመርቆ ወጥቷል። እስከዚያ ጎመን ተጠቀም። ጎመን ጨቅጭቀህ በአልኮል ዘፍዝፈው፣ አረንጓዴውን አጥልለህ ከዘይትና ከውሃ ጋር ናጠው። ክሎሮፊሉ ወደ ዘይቱ ይገባል፣ በመብራትህ ቀይ ያበራል። በዚያ ዘይት የደረቅ ሳሙናውን ሙከራ ድገመው። መብራቱን ዓይንህ ላይ እንዳታደርገው።

የጦሳ_ልጅ | ማክሰኞ ማታ 2:45

ሠራሁት። መጀመሪያ ክሩን። ከአያቴ እንዝርት የወሰድኩት ክር በዱቄት ሳሙናው ውሃ ውስጥ አደረ። አምስት ጊዜ አጠብኩት፣ አሁንም ሰማያዊ ያበራል። ኮምቦልቻ_ፈትል፣ እጅ ሰጥቻለሁ።

ከዚያ ጎመኑን። ዘይቱ አረንጓዴ ሆነ፣ በሐምራዊው መብራት ደም የመሰለ ቀይ። በደረቅ ሳሙና ስንጠው ጠርሙሱ በሙሉ ፈዛዛ ሮዝ መሰለ። ሎሚ ጨመርኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቀዩ ሁሉ ወደ ላይ ተሰብስቦ ጣት የሚያህል ቀለበት ሠራ። ሥሩ ጨለመ። እናቴ በር ላይ ቆማ "ይሄ ደግሞ ምን መተት ነው?" አለች።

ግን ልብ አልኩ። ያየሁት ዘይቱን ነው። ሳሙናው መቼ ጭንቅላቱን እንዳጣ፣ ከጠብታው መቼ እንደለቀቀ ቀዩ ምንም አልነገረኝም። ዘይቱ የወጣው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ፕሮፖዛሉን ዛሬ እንደገና ጻፍኩት። ጥያቄው "ጠብታው ይፈርሳል ወይ?" ነበር። አሁን "ከመፍረሱ በፊት ልብሱ ላይ ምን ይሆናል?" ሆኗል። አማካሪዬ ፓይሪኑን ከሌላ ላቦራቶሪ በውሰት እናገኝ ይሆናል ብሏል።

ፒያሳ_ሱቅ | ማክሰኞ ማታ 2:50

ውሰት ሲባል ሰማሁ።

ከመርሳ_ወዲህ | ማክሰኞ ማታ 4:10

ጥያቄው አሁን ገና ጥያቄ ሆነ። ፓይሪኑ ሲመጣ ጠብታ እንዳትሠራ። መጀመሪያ ባለ ፓይሪኑን ሰርፋክታንት ብቻውን፣ ያለ ዘይት፣ ውሃ ውስጥ አድርገው። ከፒኤች 9 እስከ 4 በግማሽ በግማሽ እያወረድክ ሁለቱን ቀለሞች ለካ። ከዚያ የሁለቱን ቀለሞች ልኬት በዘይት ብቻም ድገመው። ቁጥሮቹን እዚህ ለጥፍልኝ። የክፍሉን ሙቀትም ጻፍ።

የጦሳ_ልጅ | ማክሰኞ ማታ 4:15

እሺ እህቴ። ዛሬ ማታ ደሴ 14 ዲግሪ ነው፣ እሱን ከወዲሁ መዝግቤያለሁ።